ከልክ ያለፈ የወር አበባ ሕመም
ስለ ኢንዶሜትሪዮሲስና ሴቶች ሕክምናውን ሲፈልጉ ስለሚያጋጥማቸው ችግር የቀረበ ትምህርት

በሀገራችን ስለ ወር አበባ በይፋ መናገር የተለመደ አይደለም። እናት ለልጇ በጆሮዋ ትነግራታለች፤ ልጂቱም ከእኅቷ ወይም ከባልንጀራዋ በቀር ለሌላ ሰው አታነሣውም። ይህ ጭምትነት የጨዋነት ምልክት ሆኖ የኖረ ስለ ሆነ ልንነቅፈው አልተነሣንም። ነገር ግን ጭምትነቱ ደዌን የሸፈነ እንደ ሆነ ጉዳቱ ከጥቅሙ ይበልጣል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለው የአባቶቻችን ምሳሌ በዚህ ወር ለምናቀርበው ትምህርት የተነገረ ይመስላል። ደዌው ኢንዶሜትሪዮሲስ ይባላል።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በዓለም ላይ በመውለጃ ዕድሜ ከሚገኙት ሴቶችና ልጃገረዶች መካከል ከ100ው 10 ያህሉ፣ በጠቅላላው 190 ሚሊዮን የሚሆኑት፣ ይህ ደዌ አለባቸው። ደዌው ይህን ያህል የበዛ ሆኖ ሳለ ስሙን የሰማ ሰው ጥቂት ነው። ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነው ግን ሕመሙ ከጀመረበት ጊዜ አንሥቶ ምንነቱ እስኪታወቅ ድረስ በብዙ አገሮች ከ4 እስከ 12 ዓመት የሚያልፍ መሆኑ ነው። አንዲት ልጅ በ14 ዓመቷ ቢጀምራት የሕመሟን ስም የምትሰማው ትምህርቷን ካቋረጠች ወይም ትዳሯ ከተናጋ በኋላ ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

የዚህ ትምህርት ዓላማ እነዚህ ዓመታት እንዴት እንደሚባክኑና እንዴት ሊያጥሩ እንደሚችሉ ማስረዳት ነው። የመመርመሪያ መሣሪያ እጥረት መኖሩ እርግጥ ነው። ይሁን እንጂ አብዛኛው ጊዜ የሚጠፋው የሴቲቱ ቃል በሚገባ ባለመነገሩ፣ በተነገረም ጊዜ በሚገባ ባለመሰማቱ ነው። ይህን ማረም ደግሞ ብዙ ገንዘብ የማይጠይቅ ሥራ ነው።

1ኛ፤ የደዌው ጠባይ

ማሕፀን በውስጡ ልባስ አለው። ይህ ልባስ ኢስትሮጅን በሚባለው ሆርሞን ኃይል በየወሩ ይወፍራል፤ ፅንስ ያልተፈጠረ እንደ ሆነ ይፈርስና ደም ሆኖ ይወጣል። የወር አበባ የምንለው ይህንኑ ነው። በኢንዶሜትሪዮሲስ ጊዜ ግን ይህን ልባስ የሚመስል ሥጋ ከማሕፀን ውጭ ይበቅላል። በእንቁላል ዕጢ ላይ፣ በማሕፀን ቱቦዎች ላይ፣ በማሕፀንና በአንጀት መካከል ባለው ስፍራ፣ በፊኛ ወይም በትልቁ አንጀት ላይ ይገኛል፤ አልፎ አልፎም ከዚያ በራቀ የሰውነት ክፍል ይታያል።

ይህ ሥጋ ስፍራውን ይሳት እንጂ ጠባዩን አልለወጠም። እንደ ማሕፀኑ ልባስ ለሆርሞኑ ይታዘዛል፤ ያብጣል፤ ይደማል። ነገር ግን ደሙ መውጫ የለውም። ስለዚህ በዙሪያው ያለው አካል ይቆጣል፤ ቁጣው ሲበርድም ጠባሳ ይተዋል። ጠባሳው እየበዛ ሲሄድ አንጀትን ከማሕፀን፣ ማሕፀንን ከእንቁላል ዕጢ ጋር እንደ ሙጫ ያጣብቃል። በእንቁላል ዕጢ ውስጥ የቆየ ደም ሲጠራቀም ደግሞ ጥቁር ቡናማ ፈሳሽ የያዘ ከረጢት ይፈጠራል፤ ሐኪሞችም ከመልኩ የተነሣ «የቸኮሌት ከረጢት» ይሉታል።

የደዌው መነሻ ምክንያት እስካሁን ተሟልቶ አልታወቀም። አሜሪካዊው ሐኪም ጆን ሳምፕሰን እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ዓመታት እንዳስረዳው ከወር አበባው ደም ጥቂቱ በማሕፀን ቱቦዎች በኩል ወደ ኋላ ተመልሶ በሆድ ዕቃ ውስጥ ይፈስሳል፤ ከደሙ ጋር የሄደው የልባሱ ቅንጣትም በዚያ ይተከላል። ነገር ግን ደም ወደ ኋላ መመለሱ በአብዛኞቹ ሴቶች ላይ የሚደርስ ሆኖ ሳለ ደዌው የሚይዘው ጥቂቶቹን ስለ ሆነ፣ የሰውነት የመከላከል ኃይልና የዘር ውርስም ድርሻ እንዳላቸው ይታመናል። እናቷ ወይም እኅቷ ይህ ደዌ ያለባት ሴት ከሌላው ይልቅ ልትያዝ ትችላለች።

ይህ ጽሑፍ የሚወጣው ስለ ንጽሕና በሚያስተምር መጽሔት ላይ ስለ ሆነ አንድ ነገር አበክረን እንናገራለን። ይህ ደዌ ከንጽሕና ጉድለት አይመጣም፤ በመታጠብም አይድንም። ተላላፊ አይደለም። ካንሰር አይደለም። የእርግማን ወይም የኃጢአት ቅጣትም አይደለም። ስለዚህ የታመመችውን ሴት «ምን አድርገሽ ነው?» ብሎ መጠየቅ አላዋቂነት ነው።

2ኛ፤ ልማደኛው ሕመምና ደዌው የሚለዩበት መንገድ

በወር አበባ ጊዜ ጥቂት ቁርጠት መኖሩ የተለመደ ነው። ልማደኛው ቁርጠት ደሙ ሊመጣ ሲል ወይም እንደ መጣ ይጀምራል፤ ከ1 እስከ 3 ቀን ይቆያል፤ በሙቅ ውሃ ጠርሙስ ወይም አይቡፕሮፌንን በመሰለ የሕመም ማስታገሻ ይታገሣል፤ ሴቲቱንም ከዕለት ሥራዋ አያስቀርም። ከዚህ አልፎ የሚከተሉት ምልክቶች ሲታዩ ግን ኢንዶሜትሪዮሲስ ሊጠረጠር ይገባል።

ሀ/ ሴቲቱን ከትምህርት ቤት፣ ከሥራ ወይም ከቤት ውስጥ ተግባሯ በየወሩ የሚያስቀር ሕመም፤
ለ/ ደሙ ከመምጣቱ ቀናት አስቀድሞ የሚጀምር፣ ደሙ ከቆመም በኋላ የማይለቅ፣ ወይም ከወር አበባ ውጭ ባሉት ቀኖች የሚመላለስ ከእንብርት በታች ያለ ሕመም፤
ሐ/ በግንኙነት ጊዜ ወይም ከግንኙነት በኋላ በውስጥ በኩል የሚሰማ ሕመም፤
መ/ በተለይ በወር አበባ ጊዜ ዓይነ ምድር ሲወጡ ወይም ሽንት ሲሸኑ የሚሰማ ሕመም፤
ሠ/ የሆድ መነፋት፣ ማቅለሽለሽና ብርቱ ድካም፤
ረ/ የደም መብዛት፤
ሰ/ ለመውለድ እየፈለጉ ፅንስ መዘግየት።

እነዚህ ሁሉ በአንዲት ሴት ላይ በአንድነት ላይታዩ ይችላሉ። ደግሞም የሕመሙ ብርታትና የደዌው ስፋት ሁልጊዜ አይመጣጠኑም። ጥቂት ደዌ ያለባት ሴት በሕመም ልትሰቃይ፣ ብዙ ጠባሳ ያለባትም ምንም ላይሰማት ይችላል። ስለዚህ «ምርመራው ብዙ ነገር አላሳየም፤ ታዲያ ሕመሟ ከየት መጣ?» ብሎ መጠራጠር ትክክል አይደለም።

3ኛ፤ ሴቲቱ የምታንኳኳቸው ደጆች

ሕመሙ የጀመራት ሴት እርዳታ ለማግኘት ብዙ ደጅ ታንኳኳለች። በየደጁ የሚሰጣት መልስ ወይ ወደ ሕክምናው ያቀርባታል፤ ወይ ያርቃታል።

የመጀመሪያው ደጅ ቤት ነው። አንዲት የ14 ዓመት ልጅ በየወሩ 2 ቀን ከአልጋ አልነሣ ስትል እናቷ «ስታገቢ ይተውሻል»፣ አክስቷም «ስትወልጂ ይተውሻል» ትላታለች። እንዲህ የሚሉት ከክፋት አይደለም፤ ራሳቸውም የተባሉት ይህንኑ ነው። ደግሞም ልማደኛው ቁርጠት ከወሊድ በኋላ ለብዙ ሴቶች ስለሚቀንስ ነገሩ እውነት መስሎ ይታያል። ነገር ግን እርግዝና የኢንዶሜትሪዮሲስ መድኃኒት አይደለም። ሕመሙን ለጊዜው ቢያስታግሠውም የወር አበባ ሲመለስ ሕመሙም አብሮ ሊመለስ ይችላል። መድኃኒት ይሆናታል ብሎ ልጅን ያለ ዕድሜዋ መዳር ደግሞ በአንድ ጉዳት ላይ ሌላ መጨመር ነው።

ሁለተኛው ደጅ ትምህርት ቤት ነው። በየወሩ 2 ቀን የምትቀር ተማሪ በዓመት 20 ቀን ያህል ትምህርት ያመልጣታል። ምክንያቱን ለወንድ መምህር መናገር ያሳፍራታል፤ መምህሩም ስንፍና ይመስለዋል። በዚህ ሁኔታ ጥቂት ዓመት ከቆየች ውጤቷ ዝቅ ይላል፤ ትምህርቷንም ልትተው ትችላለች።

ሦስተኛው ደጅ የጤና ድርጅት ነው። በዚህ ስፍራ ሴቲቱ የምትናገረው ብዙውን ጊዜ «ሆዴን ያመኛል» የሚለውን ብቻ ነው። «ሆድ» የሚለው ቃል በቋንቋችን ከጨጓራ ጀምሮ እስከ ማሕፀን ያለውን ሁሉ የሚያጠቃልል ስለ ሆነ፣ የሚመረምራት ሰው ተጨማሪ ጥያቄ ካልጠየቃት ሐሳቡ ወደ ጨጓራ፣ ወደ አሜባ፣ ወደ ታይፎይድ ወይም ወደ ሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ይሄዳል። መድኃኒት ተሰጥቷት ትመለሳለች። የወር አበባዋ ሲያበቃ ሕመሙም ስለሚለቃት መድኃኒቱ የፈወሳት ይመስላል። በሚቀጥለው ወር ግን ሕመሙ ይመለሳል፤ እርስዋም ወደ ሌላ ክሊኒክ ትሄዳለች። በዚያ የሚያገኛት ሰው ያለፈውን አያውቅምና ሁሉን ከመጀመሪያው ይጀምራል። ስለዚህ አንዲት ሴት 10 ጊዜ ታክማ 10 ጊዜም አዲስ በሽተኛ ልትሆን ትችላለች።

አራተኛው ደጅ ሆስፒታል ነው። ከገጠር ለሚመጡ ሴቶች መንገዱ ሩቅ፣ ወጪው ከባድ ነው። የአልትራሳውንድ ምርመራ ተደርጎ «ምንም የለብሽም» የተባለች ሴት ሕመሟ ሐሰት የተባለ ያህል አንገቷን ደፍታ ትመለሳለች። ያላገባች ልጅ ደግሞ በብልት በኩል የሚደረገውን ምርመራ ስለምትፈራ ከደጁ ልትመለስ ትችላለች።

ይህ ሁሉ የሀገራችን ወይም የድኻ አገሮች ችግር ብቻ እንዳይመስለን በሌላው ዓለም የሆነውን እንመልከት። በብሪታንያ የምክር ቤት አባሎች ያቋቋሙት ቡድን እ.ኤ.አ. በ2020 ባደረገው ምርመራ ከ10,000 የሚበልጡ ደዌው ያለባቸው ሰዎች የደረሰባቸውን ገልጸው ነበር። ከእነርሱ መካከል ከ100ው 58ቱ የደዌያቸው ስም ከመታወቁ በፊት ጠቅላላ ሐኪማቸውን ከ10 ጊዜ በላይ ጎብኝተዋል፤ ከ100ው 53ቱም በሕመሙ ብርታት ድንገተኛ ክፍል ደርሰዋል። ደዌው እስኪታወቅ ያለፈው ጊዜም በአማካይ 8 ዓመት ነበር። ሐኪምና መሣሪያ በሞላበት አገር ይህን ያህል ዓመት ከጠፋ፣ የችግሩ ሥር የመሣሪያ ማነስ ብቻ አለመሆኑ በዚህ ይታወቃል።

በአውስትራልያ የጤና ሚኒስትር የነበሩት ግሬግ ሃንት እ.ኤ.አ. በ2017 ይህ ደዌ ያለባቸው ሴቶች ለብዙ ዘመን ሰሚ በማጣታቸው ይቅርታ ጠይቀዋል፤ በሚቀጥለው ዓመት በ2018ም አገሪቱ ስለዚሁ ደዌ ብሔራዊ የሥራ ዕቅድ አውጥታለች። ፈረንሳይም እ.ኤ.አ. በ2022 ይህንኑ የመሰለ ብሔራዊ ዕቅድ አስታውቃለች። በእነዚህ አገሮች ለውጡ የተጀመረው ሴቶቹ ሳይታክቱ ስለ ተናገሩ ነው።

4ኛ፤ ምርመራውና ሕክምናው

ቀድሞ ኢንዶሜትሪዮሲስ መኖሩን በእርግጥ ለማወቅ ላፓሮስኮፒ የሚባለው ቀዶ ሕክምና የግድ ነው ይባል ነበር። ይህም በሆድ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ከፍቶ ካሜራ ባለው ቀጭን መሣሪያ ውስጡን መመልከት ነው። በሀገራችን ይህን የሚሠሩ ሆስፒታሎች ጥቂት ናቸው። ይሁን እንጂ የአውሮፓ የሥነ ተዋልዶና የፅንስ ጥናት ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2022 ያወጣው መመሪያ ይህን አስተሳሰብ ለውጦታል። እንደ መመሪያው ከሆነ ላፓሮስኮፒ የሚያስፈልገው አልትራሳውንድ ወይም ኤም አር አይ ምንም ያላሳየ እንደ ሆነ፣ ወይም በመድኃኒት ተሞክሮ ለውጥ ያልተገኘ እንደ ሆነ ነው። ስለዚህ የሴቲቱ ታሪክ በሚገባ ተሰምቶ ሕመሙ ይህን ደዌ የሚመስል ከሆነ፣ ሌሎች ደዌዎች ታይተው ሕክምናውን መጀመር ይቻላል። ለሀገራችን ይህ ትልቅ ነገር ነው። ካሜራው በሌለበት ስፍራ ጆሮ ሥራውን ሊጀምር ይችላልና።

አልትራሳውንድ የእንቁላል ዕጢውን ከረጢት በደህና ያሳያል፤ በሆድ ዕቃ ላይ የተበተነውን ጥቃቅን ደዌ ግን ብዙ ጊዜ አያሳይም። እንግዲህ «አልትራሳውንዱ ምንም አላሳየም» ማለትና «ደዌ የለም» ማለት አንድ አይደሉም። በድንግልና ላለች ልጅ ምርመራውን በሆድዋ ላይ ማድረግ ስለሚቻል በዚህ ምክንያት ከሕክምና መቅረት የለባትም።

ሕክምናው በሦስት ይከፈላል። አንደኛው የሕመም ማስታገሻ ነው። አይቡፕሮፌንና የመሳሰሉት መድኃኒቶች ይበልጥ የሚጠቅሙት ሕመሙ እስኪበረታ ሳይጠበቅ፣ ገና ሲጀምር ወይም ሊጀምር ሲል፣ ምግብ ከተበላ በኋላ ሲወሰዱ ነው። የጨጓራ ቁስለት ወይም የኩላሊት ሕመም ያለባት፣ እንዲሁም ነፍሰ ጡር የሆነች ሴት ሐኪም ሳታማክር አትውሰዳቸው።

ሁለተኛው የሆርሞን መድኃኒት ነው። ይህም በየቀኑ የሚዋጠው ክኒን፣ በየ3 ወሩ የሚወሰደው መርፌ፣ በክንድ ቆዳ ሥር የሚቀበረው ወይም በማሕፀን ውስጥ የሚቀመጠው ሆርሞን ያለበት ሉፕ ነው። እነዚህ መድኃኒቶች ሕዝቡ የሚያውቃቸው በወሊድ መከላከያነታቸው ነው። ስለዚህ ሐኪም ላላገባች ልጅ ሲያዝዛቸው ወላጆች ይደነግጣሉ፤ ጎረቤትም ያማል። ነገር ግን መድኃኒቱ የታዘዘው በየወሩ የሚደማውን ሥጋ ለማዳከምና ደሙን ለመቀነስ ነው። ማሕፀንን አያደርቅም፤ ሲቋረጥም የመውለድ ችሎታ ይመለሳል። በመርፌው ጊዜ ግን መመለሱ ብዙ ወራት ሊወስድ ስለሚችል በቅርብ ለመውለድ የምታስብ ሴት ይህን አስቀድማ ትናገር። ኢስትሮጅን ያለበት ክኒን ደግሞ የደም ግፊት ላለባት፣ ደም ረግቶባት ለሚያውቅ፣ ወይም ዐይን የሚያጭበረብር ብርቱ የራስ ምታት ለሚነሣባት ሴት አይስማማም። ሆርሞን የሌለበት የመዳብ ሉፕም ደምንና ቁርጠትን ሊያበዛ ስለሚችል ለዚህ ደዌ አይመረጥም።

ሦስተኛው ቀዶ ሕክምና ነው። ሐኪሙ ከስፍራው ውጭ የበቀለውን ሥጋ ያነሣል፤ የተጣበቀውን ይለያል፤ ከረጢቱን ያወጣል። ብዙዎች በዚህ እፎይ ይላሉ፤ ነገር ግን ደዌው ከዓመታት በኋላ ሊመለስ ይችላል። ፈጽሞ የሚያጠፋው መድኃኒት እስካሁን አልተገኘም። ይህን መናገራችን ተስፋ ለማስቆረጥ አይደለም። የደም ግፊትና የስኳር ሕመም እንደሚያዙ ሁሉ ይህም ደዌ በሕክምና ተይዞ ሴቲቱ ተምራ፣ ሠርታና ወልዳ ልትኖር ትችላለች።

5ኛ፤ ለታማሚዋ የሚሰጥ ምክር

ሐኪም ዘንድ ከመቅረብሽ በፊት ቢያንስ የ2 ወይም የ3 ወር ሕመምሽን መዝግቢ። መጻፍ የምትችል በደብተር፣ የማትችል በግድግዳ ላይ በከሰል ጭረት ወይም በክር ላይ በቋጠሮ ትያዝ። በሀገራችን ቀንን በበዓላት ስም መቁጠር የተለመደ ስለ ሆነ «ከሚካኤል ጀምሮ እስከ ኪዳነ ምሕረት አመመኝ» ብሎ መያዝ ይበቃል፤ ይህ ከ12 እስከ 16 ማለት መሆኑን ሰሚው ያውቃል። በገበያ ቀን የሚቆጥርም እንደዚሁ ያድርግ። የሚመዘገቡት ነገሮች አራት ናቸው።

አንደኛ፣ ሕመሙ የጀመረበትና ያቆመበት ቀን፤ ደሙም የመጣበትና የቆመበት ቀን፤
ሁለተኛ፣ ያመመሽ ስፍራ፤ ከእንብርት በታች፣ ወገብ፣ ብሽሽት፣ ወይም ዓይነ ምድር ሲወጡ፤
ሦስተኛ፣ የወሰድሽው መድኃኒትና ያመጣው ለውጥ፤
አራተኛ፣ ሕመሙ ያስቀረሽ ሥራ፤ ውሃ መቅዳት፣ እንጀራ መጋገር፣ ትምህርት ቤት፣ ገበያ ወይም ቤተ ክርስቲያን።

አራተኛው ከሁሉ ይበልጣል። «በጣም ያመኛል» የሚለውን ቃል እያንዳንዱ ሰው በራሱ ልክ ይሰማዋል፤ «በዚህ ወር 3 ቀን እንጀራ መጋገር አልቻልሁም» የሚለውን ግን የሚያቃልል አይገኝም። «ሆዴን ያመኛል» ከማለት ይልቅ «ደሜ ሊመጣ 2 ቀን ሲቀረው ከእንብርቴ በታች ይጀምረኛል፤ ዓይነ ምድር ስወጣ ይብሳል፤ 2 ዓመት ሆኖኛል» ብሎ መናገር ለሐኪሙ ግማሽ ምርመራ ነው። በሌላ ስፍራ የታከምሽባቸውን ወረቀቶችና የመድኃኒቱን ማሸጊያ ይዘሽ ሂጂ። ብቻሽን መናገር ካሳፈረሽ እናትሽን፣ እኅትሽን ወይም የምታምኛትን ሴት አስከትዪ። ሴት አስታማሚ ወይም ሴት ሐኪም እንድታይሽ መጠየቅም ነውር አይደለም። በ3 ወር ውስጥ ለውጥ ካላየሽ ክሊኒክ ከመለዋወጥ ይልቅ ወደዚያው ተመልሰሽ «አልተሻለኝም፤ ወደ ማሕፀን ሐኪም ይላኩኝ» በዪ።

ድንገት የሚመጣ የማይቻል ሕመም፣ ራስ መሳት፣ የወር አበባ ቀርቶ የሚመጣ ብርቱ የሆድ ሕመም፣ ከትኩሳት ጋር የሆነ ሕመም፣ ወይም ሞዴስ በየሰዓቱ የሚያስለውጥ የደም ብዛት ከታየ ግን ምዝገባ ሳይጠበቅ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል መድረስ ያስፈልጋል።

6ኛ፤ ለቤተሰብና ለመምህራን

እናት ሆይ፤ ልጅሽ በየወሩ ከአልጋ የማትነሣ ከሆነ «ስትወልጂ ይተውሻል» ከማለትሽ በፊት ወደ ጤና ጣቢያ ውሰጃት። አንቺም በወጣትነትሽ እንዲሁ ታምመሽ እንደ ነበረ ለሐኪሙ ንገሪ፤ ደዌው በዘር ሊወረስ ስለሚችል ቃልሽ ለምርመራው ይረዳል። በእምነቱ ጠበል የሚጠመቅ ሰው ጠበሉን ይጠመቅ፤ የሐኪሙን መድኃኒት ግን አያቋርጥ።

ባል ሆይ፤ ሚስትህ በግንኙነት ጊዜ ሕመም ከተሰማት ይህ አንተን መጥላት አይደለም። ፅንስ የዘገየ እንደ ሆነም «መካን ናት» ብሎ መፍረድ አይገባም። ይህ ደዌ ካለባቸው ሴቶች ብዙዎቹ ይወልዳሉ፤ የፅንስ መዘግየት ምክንያትም ከወንድ በኩል ሊሆን ስለሚችል ሁለታችሁም አብራችሁ ተመርመሩ። ያልታከመ ደዌ ያፈረሰውን ትዳር ሽማግሌ አይጠግነውም።

መምህራን ደግሞ በየወሩ በተመሳሳይ ጊዜ የምትቀር ተማሪ ሲያዩ ከመቅጣታቸው በፊት በሴት መምህርት በኩል ምክንያቱን ያስጠይቁ።

7ኛ፤ ለጤና ሠራተኞች

በየቀበሌው የሚሠሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች አብዛኞቹ ሴቶች በመሆናቸው ይህን ነገር ለመስማት ከሁሉ ይልቅ የተመቹ ናቸው። ሆድዋን የታመመች በመውለጃ ዕድሜ ያለች ሴት ስትመጣ ሦስት ጥያቄ መጠየቅ ከ2 ደቂቃ አይበልጥም። «ሕመሙ ከወር አበባሽ ጋር ይመላለሳል?»፣ «ከየትኛው ሥራ ያስቀርሻል?»፣ «ስንት ጊዜ ታከምሽበት?» እናት ለሆነች ሴት ጥያቄው በአክብሮት ይቅረብ፤ ሌላ ሰው በሚሰማበት ስፍራም አይሁን።

የተሰጠው መልስ በካርዱ ላይ ይጻፍ፤ የሚቀጥለው ሰው ከመጀመሪያው እንዳይጀምር ይረዳዋልና። ወደ ሆስፒታል በሚላከው ወረቀት ላይም «የሆድ ሕመም» ብቻ ተብሎ አይጻፍ፤ «ከወር አበባ ጋር የሚመላለስ፣ ይህን ያህል ጊዜ የቆየ፣ በማስታገሻ ያልተሻለው» ተብሎ ይብራራ። መሣሪያ በሌለበት ስፍራ እንኳ «ሕመምሽ እውነተኛ ነው፤ ስም አለው፤ ሕክምናም አለው» የሚለውን ቃል ለመናገር ማንም አይቸገርም። ይህን የሰማች ሴት ተመልሳ ትመጣለች፤ «ምንም የለብሽም» የተባለች ግን ላትመለስ ትችላለች።

ለመከለስ የሚረዱ ጥያቄዎች

1/ ኢንዶሜትሪዮሲስ ምንድን ነው? ከማሕፀን ውጭ የበቀለው ሥጋ ሕመም የሚያመጣው ለምንድን ነው?
2/ ልማደኛውን የወር አበባ ቁርጠት ከዚህ ደዌ የሚለዩትን አራት ምልክቶች ጥቀሱ።
3/ «ስትወልጂ ይተውሻል» የሚለው ምክር የሚጎዳው እንዴት ነው?
4/ አልትራሳውንድ ምንም ሳያሳይ ሲቀር ደዌው የለም ማለት የማይቻለው ለምንድን ነው?
5/ ሐኪም ዘንድ ከመቅረብ በፊት የሚመዘገቡት አራት ነገሮች ምንድን ናቸው?

ይህን ጽሑፍ ያነበባችሁ ሁሉ ማንበብ ለማይችሉት እናቶችና እኅቶች በቡና ሰዓትም ሆነ በማኅበር ቀን እንድታነቡላቸው እናሳስባለን።